የሊቲየም ድንጋይ ሲገዙና ሲይዙ የሚሠሩ ስህተቶች

የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጎኑ በጥርስ ይነከሳል፣ አንድ ሁለት ምሽት ያበራና ይጣላል። ባለ 1.5 ቮልቱ ደረቅ ድንጋይ ይህን ሁሉ ይችላል። ዛሬ ደህና በሚባሉት የእጅ ባትሪዎች ውስጥ የሚገባው ግን ሊቲየም አዮን ነው፤ በብዛትም 18650 የሚባለው። ቁጥሩ የሚናገረው ልኩን ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ውስጡም በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አለ። ይህኛውን እንደዚያኛው መቁጠር ነው ብዙውን ጣጣ የሚያመጣው።

ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን

“9900 ሚሊአምፒር” (ሙሉ ስሙ ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ድንጋዩ የሚይዘው መጠን) የሚል 18650 በየሱቁና በየኦንላይን ገበያው ተደርድሯል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። በዚህ ልክ ከታወቁት አምራቾች የሚወጣው ትልቁ 3500 ሚሊአምፒር አካባቢ ነው። የፓናሶኒክ ሳንዮ ኤንሲአር 18650 ጂኤ እና የኤልጂ ኤምጄ 1 እዚያ ላይ ይቆማሉ፤ የሳምሰንግ 30 ኪው ደግሞ 3000 ነው። እነዚህ ፋብሪካዎች ያልቻሉትን ስሙ የማይታወቅ አምራች ሦስት እጥፍ አድርጎ አይሠራውም። 5000 የሚል ጽሑፍ ያለው 18650 ካዩ ሻጩን ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም። በአንጻሩ ወፈርና ረዘም ባለው 21700 ላይ 5000 እውነተኛ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ልኩን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ይዩ።

ለመለየት የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ትክክለኛው 18650 ከ44 እስከ 49 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ ላይ 30 ግራም ካሳየ ውስጡ ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው፤ አንዳንዶቹ ሲከፈቱ ከትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ድንጋይ ብቻ ተገኝቶባቸዋል። ኤሌክትሪክ የሚይዘው በውስጡ የተጠቀለለው ቁስ ነውና ክብደት በሌለበት አቅም የለም።

ሚዛን የማይዘው አንድ ማታለያ ግን አለ፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ አዲስ ላስቲክ የለበሰ ድንጋይ። ክብደቱ ልክ ነው፣ ቮልቱም ልክ ነው፣ ዕድሜው ግን አልቋል። ይህን የሚያጋልጠው ታችኛው፣ ማለትም ኔጌቲቩ ጫፍ ነው። ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ይዩት። አዲስ ድንጋይ ታቹ ለስላሳ ነው። ከላፕቶፕ የወጣው ግን ቀጭን ብረት ተበይዶበት ስለነበር ሁለት ወይም አራት ትናንሽ የብየዳ ነጥቦች ይቀሩበታል፤ በሞረድ ቢጠረግ እንኳ ጭረቱ አይጠፋም።

የቀረውን ጥርጣሬ የሚቆርጠው አቅም የሚለካ ባለስክሪን ቻርጀር ነው። 3000 የሚባለውን ሙሉ በሙሉ ሞልቶ በ1 አምፒር ሲያራግፈው ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ መሄድ አለበት። በአርባ ደቂቃ ካለቀ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ለጌጥ ነው።

ብዙ ሚሊአምፒር ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ማሰብ

ሚሊአምፒር ድንጋዩ ስንት እንደያዘ ይናገራል፤ ባንዴ ስንት መስጠት እንደሚችል የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም ከፍተኛ ቋሚ አምፒር ይባላል። አንድ አምፖል ያለው 1000 ሉመን (የብርሃን መለኪያ) አካባቢ የሚሰጥ የእጅ ባትሪ 3 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ለዚህ ባለ 3500ው ጥሩ ነው። ሦስትና አራት አምፖል የተደረደረበት ኃይለኛ ግን 10 አምፒርና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ 15 አምፒር የሚሰጠው 30 ኪው፣ በ3000ው፣ ከባለ 3400ው ቀስ ብሎ ከሚሰጠው ድንጋይ ይበልጣል። ደካማውን ከከተቱበት ብርሃኑ በርቶ ወዲያው ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይግላል፤ ሰው ደግሞ “የእጅ ባትሪው ተበላሽቷል” ይላል።

ፕሮቴክሽን ያለውንና የሌለውን አለመለየት

ፕሮቴክሽን የሚባለው ከታች የተጣበቀ ክብ ትንሽ ሰርኪት ነው። ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ከልክ በታች ሲወርድ ወይም ሾርት ሲያደርግ መስመሩን ይቆርጣል። እሱ ስላለ ርዝመቱ ከ65 ወደ 68 እስከ 70 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ በማስመሪያ ይታወቃል። የእጅ ባትሪዎ ድንጋዩ ሲደክም ራሱ የሚጠፋ ካልሆነ ባለ ፕሮቴክሽኑን ይግዙ። ጠባብ ቤት ያለው ከሆነ ግን ረጅሙን በግድ አይጠምዝዙት፤ ሞላው (ስፕሪንጉ) ታቹን እየተጫነ ያንኑ ሰርኪት ይሰብረዋል፣ ከዚያ ጥበቃው ስሙ ብቻ ይቀራል።

ቤቱ ውስጥ ስለገባ ይሠራል ማለት

14500 የሚባለው ሊቲየም ከተራው ባለ ኤኤ (AA) የሪሞት ድንጋይ ጋር በልክ አንድ ነው፤ ሪሞቱ ግን 1.5 ቮልት ሲጠብቅ እሱ 4.2 ይዞ ይገባል። ለ1.5 ቮልት ብቻ በተሠራ የእጅ ባትሪ ውስጥ ሲገባ አምፖሉን ወይም ሰርኪቱን ያቃጥላል። በተመሳሳይ ሲአር 123 የሚባለው አጭሩ ባለ 3 ቮልት ድንጋይ ቻርጅ አይደረግም፤ እሱን የሚመስለው 16340 ግን ይደረጋል። ሲአሩን ቻርጀር ላይ መሰካት ፍንዳታ መጥራት ነው። ላዩ ላይ 3.2 ቮልት የሚል ካገኙ ደግሞ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ መሙያው 3.65 ቮልት ላይ ስለሚያበቃ የ4.2 ቻርጀር አይሆነውም።

አሮጌና አዲስ መቀላቀል

ሁለት ድንጋይ ተከታትሎ በሚገባበት የእጅ ባትሪ ውስጥ አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሲሆን ደካማው ቀድሞ ያልቃል። ጠንካራው ግን መግፋቱን አያቆምም፤ ባዶ በሆነው ውስጥ እየነዳ ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን) ይገለብጠዋል። የተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ እንዲህ የሚደረግ ድንጋይ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ መውጫ የለውም። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዓይነት ይግዙ፤ አብረው ይሙሉ፤ አንደኛው ሲያረጅ ሁለቱንም ይቀይሩ። ሳይከቱ በፊት በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ሲለኩ የ0.05 ቮልት ልዩነት እንኳ ካለ መጀመሪያ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ይሙሉ።

ከእጅ ባትሪው ጋር በመጣው ርካሽ ቻርጀር መታመን

ቀይ ወደ አረንጓዴ ሲቀየር “ሞላ” ብለን እንነቅላለን። ሲነቅሉ ወዲያው በቴስተር ይለኩት፤ ከ4.15 እስከ 4.20 ከሆነ ደህና ነው። ከ4.25 ካለፈ ቻርጀሩን አይጠቀሙበት። አንዳንዱ አረንጓዴ ካበራም በኋላ መላኩን አያቆምም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ መተው፣ በተለይ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ፣ ትልቅ ጥፋት ነው። አምፒሩም ይታይ፤ ለ3000ው ከ1 እስከ 1.5 አምፒር ይስማማዋል። ያው 1 አምፒር 700 ለሚይዘው ትንሹ 16340 ግን ይበዛበታል፤ ለእሱ 0.35 ይበቃዋል። እየሞላ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ይነቀል።

ሽፋኑ ሲቀደድ ዝም ማለት

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ የዚህ ድንጋይ ጎኑ ሁሉ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ ከላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት፤ ከጎኑ ጋር የሚለያያቸው በመካከል ያለ ቀጭን ቀለበትና ያ የሚቀደደው ላስቲክ ነው። አፉ አካባቢ የተላጠ ድንጋይ ብረት በነካ ቁጥር ሾርት ለማድረግ የተዘጋጀ ነው። አዲስ ላስቲክ በሙቀት ማልበስ ይቻላል፣ የወረቀት ቀለበቷ ግን እንዳትረሳ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ መክተት ደግሞ፣ ላስቲኩ ደህና ቢሆንም፣ ያንኑ ውጤት ይሰጣል። የፕላስቲክ መያዣ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

እስኪሞት ማብራት፣ ከዚያም “ማንሳት”

2.5 ቮልት የታችኛው ድንበር ነው። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ ድንጋይ ውስጥ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ እንደገና ሲሞላ ያ መዳብ ባልሆነ ቦታ ይጠራቀምና ከውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን “ለማስነሳት” አይሞክሩ። መንከሱና መቀጥቀጡማ አይነሳ፤ ሁለቱን ወገን ውስጥ የሚለያቸው ፕላስቲክ ከፀጉር የሳሳ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣትም፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ መተውም ዕድሜውን ይበላል። ለወራት የማይጠቀሙበት ከሆነ ሙሉም ባዶም ሳይሆን 3.7 ቮልት አካባቢ ላይ ከእጅ ባትሪው አውጥተው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡት።

ሻንጣ ውስጥ መክተት

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ጥሩ ድንጋይ ለዘመድ የሚያመጡ ይህን ይወቁ፦ ትርፍ የሊቲየም ድንጋይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ በእጅ ቦርሳ፣ እያንዳንዱ ጫፉ ተሸፍኖ ወይም በመያዣው ሆኖ ነው የሚገባው። ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 3500ው፣ ማለትም 3.5 አምፒር ሰዓቱ፣ በአማካይ ቮልቱ በ3.6 ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ብቻ ስለሚሆን በዚህ በኩል ችግር የለም።

ሲያረጅ ከቆሻሻ ጋር ማቃጠል

ግቢ ውስጥ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቤት ደረቁን ድንጋይ እሳት ውስጥ መወርወር የተለመደ ነው። ሊቲየሙ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሁለቱንም ጫፍ በናስትሮ ሸፍነው ለብቻው ያስቀምጡት፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ይስጡት። ከቤት ውስጥ ሲያፏጭ ወይም ሲያጨስ ካገኙት ጭሱን አይተንፍሱ፤ ሰው ያስወጡ፣ ከቻሉ ከሩቅ ብዙ ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው ያቀዘቅዘዋል፤ ሲጠፋም በቅርብ የሚቃጠል ነገር በሌለበት ቦታ ደጅ ይደር፣ ቆይቶ እንደገና ሊነሳ ይችላልና።