ከፒኤችፒ ሼል ስትጠሩ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ ተዉ

ፒኤችፒ ዌብሳይት የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ሼል ደግሞ የተጻፈለትን ትዕዛዝ ሰርቨሩ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም። ከፒኤችፒ ኮድ ውስጥ የሰርቨሩን ትዕዛዝ ማስኬድ ቀላል ነው። ኤግዜክ (exec) ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ቅለት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ ትዕዛዙ ላይ መቀጠል ነው። ዛሬም በየኮዱ አየዋለሁ። አንድ ልጅ ኔትወርክ መሞከሪያ ገጽ ይሠራል። ሰው አድራሻ ያስገባል፣ ኮዱ ከፒንግ (አድራሻው መልስ ይሰጥ እንደሆነ ከሚሞክረው ትዕዛዝ) ቀጥሎ ይለጥፈዋል፣ አለቀ። ሼል ግን ሴሚኮለን ሲያይ አንዱ ትዕዛዝ አብቅቶ ሌላው ጀመረ ብሎ ነው የሚረዳው። አድራሻ ጽፎ፣ ሴሚኮለን ጨምሮ፣ የፈለገውን የሚያስከትል ሰው የዳታቤዝ ፓስዎርዳችሁን ቁጭ ብሎ ያነባል። «የኛን ሲስተም ማን ያውቀዋል?» አትበሉኝ። ቀዳዳ ፍለጋ ሌት ተቀን ኢንተርኔቱን የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱ ትንሽ ትልቅ አይመርጡም። በጃቫስክሪፕት አጣርቻለሁ ማለትም አይሠራም፤ ብራውዘሩ ያለው በሰውየው እጅ ነው።

ከፒኤችፒ 7.4 ወዲህ ትዕዛዝ የሚያስኬደው ፕሮክ_ኦፕን (proc_open) ትዕዛዙን በአሬይ፣ ማለትም ቃል በቃል በተለያየ ዝርዝር፣ ይቀበላል። ያኔ ሼል መሃል አይገባም፣ ሴሚኮለኑም ተራ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ይህ ካልተመቻችሁ እያንዳንዱን ግብዓት ለብቻው በኤስኬፕሼልአርግ (escapeshellarg) ጠቅልሉት፤ ሼሉ ልዩ ምልክቶቹን እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲያይ ያደርጋል፣ ይህም ኤስኬፕ ማድረግ ይባላል። ሙሉውን ትዕዛዝ ኤስኬፕ የሚያደርገው ኤስኬፕሼልሲኤምዲ (escapeshellcmd) የእሱ ምትክ አይደለም፤ ተጨማሪ አማራጭ (የፕሮግራሙን አሠራር የሚቀይር፣ በሰረዝ የሚጀምር ቃል) ሾልኮ ሲገባ አያግድም። ሁለቱን ደርቦ መጠቀም ደግሞ ይባስ ነው። በዲሴምበር 2016 ኢሜይል መላኪያው የፒኤችፒ ላይብረሪ ፒኤችፒሜይለር ላይ ለተገኘው ቀዳዳ የወጣው የመጀመሪያ ጥገና የተሰበረው ሁለት ኤስኬፖች ተደራርበው ስለተጋጩ ነው።

በሰረዝ የሚጀምር ግብዓትም አትርሱ። በአሬይ ብትልኩትም ፕሮግራሙ አማራጭ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ከፊቱ ሁለት ሰረዝ (--) ለብቻው ማስቀደም ይበቃል።

አማርኛ ለምንጠቀም ሰዎች የተለየ ወጥመድ አለ። ሎኬሉ (ፒኤችፒ የቋንቋና የፊደል አያያዝን የሚወስንበት ቅንብር) «ሲ» (C) ከሆነ ኤስኬፕሼልአርግ የግዕዝ ፊደላትን ምንም ሳይናገር ይጥላቸዋል። ተጠቃሚው «ማመልከቻ» የሚል ፒዲኤፍ ይልካል፤ ትዕዛዙ ጋ የሚደርሰው ነጥቡና ቅጥያው ብቻ ነው። ከዚያ «ፋይሉ የለም» ይባላል፣ ፋይሉ ግን ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ፕሮግራመሩ በእንግሊዝኛ ስም ስለሚሞክር ለእሱ ሁሌም ይሠራል። የተቸገሩት ደንበኞች ናቸው። በሴትሎኬል (setlocale) ሎኬሉን የግዕዝ ፊደልን ወደሚያውቀው ዩቲኤፍ-8 አስተካክሉ። ከዚያ የሚሻለው ግን ፋይሉን እናንተ በፈጠራችሁት ቁጥር ማስቀመጥና የሰውየውን ስም ዳታቤዝ ውስጥ መያዝ ነው።

ኤግዜክ የሚመልሰው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነው። ሙሉው ውጤት ሁለተኛው፣ የመውጫ ኮዱ (ትዕዛዙ መሳካቱን የሚናገር ቁጥር) ሦስተኛው ፓራሜትር ላይ ነው። ዜሮ ካልሆነ አልተሳካም ማለት ነው። የስህተቱን መልእክት ለማየት መጨረሻው ላይ 2>&1 ጨምሩ።

ፎልደር ለመፍጠር ወይም ፋይል ለማጥፋት ደግሞ ሼል አትጥሩ፤ ፒኤችፒ የራሱ አለው።

«ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ከብራውዘር እምቢ አለ» የሚለው ጥያቄ መቼም አያልቅም። ኡቡንቱ ላይ ዌብ ሰርቨሩ የሚሠራው በእናንተ ዩዘር ሳይሆን በደብሊውደብሊውደብሊው-ዳታ (www-data) ነው። ፈቃዱም፣ ትዕዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮችም ከእናንተ ሊለዩ ይችላሉ። የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ (ዲስኩ ላይ ያለበትን ቦታ) ጻፉ፣ የፋይሉን ፈቃድ እዩ። ለዚህ ዩዘር ያለ ፓስዎርድ ሁሉን የሚያዝ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ሥልጣን) መስጠት ግን በፍጹም አይሞከርም። ያኔ ከላይ ያልኳት ሴሚኮለን የምትከፍተው ገጻችሁን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰርቨሩን ነው። የግድ ከሆነ ሱዶውን ለአንዲት የተወሰነች ትዕዛዝ ብቻ፣ ከነሙሉ አድራሻዋ ፍቀዱ።