ጽጌረዳችሁ ደጋግሞ እንዲያብብ

መስከረም ላይ ደምቆ የነበረው ጽጌረዳ ጥቅምት ሲገባ አበባው ከቀነሰባችሁ፣ ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት መቀስ አንሱ። የጠወለገውን አበባ ተክሉ ላይ አትተዉት።

አናቱን ብቻ ቀንጥሶ መጣል ግን አይበቃም። ከአበባው ወደ ታች እየወረዳችሁ፣ አንድ ዘንግ ላይ አምስት ትንንሽ ቅጠሎች የያዘውን የመጀመሪያ ቅጠል ፈልጉ። አናቱ አካባቢ ያሉት ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ናቸው፤ እነሱን እለፏቸው። ከባለ አምስቱ ቅጠል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ በሰያፍ ቁረጡ። ወደ ውጭ የዞረ ቅጠል ብትመርጡ ይሻላል። አዲሱ ቅርንጫፍ የሚያድገው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ መሐሉ አይጨናነቅም፣ አየርም ያገኛል።

ተክሉ የጠወለገውን አበባ ይዞ ሲቆይ ጉልበቱን ፍሬና ዘር ለመሥራት ያውለዋል። ሲቆረጥበት ግን ከቅጠሉ ሥር አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶም ያ ቀንበጥ ያብባል። ይህ ዘዴ ግን በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብቡ የጽጌረዳ ዓይነቶች ላይ አይሠራም።

መቀሱን በአልኮል መጥረግ አትርሱ፤ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ይዞ ይሄዳል። ዝናብ እየዘነበም አትቁረጡ።

ግቢያችሁ አደይ አበባ ካለ ደግሞ እሱን ተዉት። ለከርሞ የሚበቅለው አሁን ከሚረግፈው ዘር ነው።