ጊዜያዊ ስቶማን ቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

የትልቁ አንጀት መጨረሻ ሬክተም ይባላል። እዚያ የወጣ ካንሰር ተቆርጦ ሲወጣ ሐኪሙ አንጀቱን መልሶ ያገናኘዋል። ስፌቱ እስኪድን ሰገራ እንዳይነካው ብሎ ብዙ ጊዜ የትንሹን አንጀት ክፍል ሆድ ላይ ያወጣዋል። ጊዜያዊ ስቶማ ይኸው ነው። ከወራት በኋላ፣ ኬሞቴራፒ ካለም ብዙውን ጊዜ እሱ ሲያልቅ፣ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይዘጋል።

ከባሕር ዳሩ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ወጥተው ሞጣ ወይም ቡሬ ከገቡ፣ እስከዚያ ዋናው ሥራ ቆዳዎን መጠበቅ ነው። ስቶማው ላይ ተለጥፎ የሚወጣውን የሚቀበለውን፣ ፋርማሲ ኮሎስቶሚ ባግ የሚሉትን ከረጢት ከከተማው ሳይወጡ በብዛት ይያዙ።

ከረጢቱን ጠዋት፣ እህል ሳይቀምሱ ይቀይሩ፤ ያኔ ፈሳሹ ይቀንሳል። እጅዎን ይታጠቡ። አሮጌውን አይመንጭቁት፤ በአንድ እጅ ቆዳውን ተጭነው ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ይላጡት። ስቶማውንና ዙሪያውን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይጠቡ። ጥቂት ደም ቢታይ አይደንግጡ። ቅቤም ቫዝሊንም አይቀቡ፤ ከረጢቱ አይጣበቅም።

አሁን ቀዳዳው፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ስቶማውን ለክተው የከረጢቱን ማጣበቂያ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍተው ይቁረጡ። ከሰፋ ፈሳሹ ቆዳውን ያገኘዋል። ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ስላለበት እንደ እሳት ያቃጥላል። ከጠበበ ስቶማውን ያቆስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ስለሚቀንስ በድሮው ልክ አይቀጥሉ፣ እንደገና ይለኩ። ቆዳው በደንብ ሲደርቅ ማጣበቂያውን ከታች ወደ ላይ ለጥፈው ለጥቂት ደቂቃ በመዳፍዎ ይጫኑት፤ ሙቀቱ ያጣብቀዋል።

በ3 ወይም 4 ቀን አንዴ መቀየር ይበቃል፤ ካፈሰሰ ግን ወዲያው ይቀይሩ። ሲሶው ሲሞላ ይድፉት፤ ከከበደ ይላቀቃል።

እንጀራ በሽሮ ይበሉ፣ ግን በደንብ ያላምጡ። ቆሎና የበቆሎ እሸት አንጀት ሊዘጉ ስለሚችሉ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ይቆዩ። ጾም ከገባ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩ። ፈሳሹ ሲበዛ ውሃ ብቻ መጋት ጨውን አጥቦ ያወጣል፤ ጠበልም ቢሆን በጥቂቱ ይሁን። ኦአርኤስ (ጨውና ስኳር ያለበትን ዱቄት) በጥብጠው ይጠጡ።

ስቶማው ከቀይ ወደ ጥቁር ከተለወጠ፣ ምንም ሳይወጣ ሆድ ነፍቶ ካስመለሰዎት፣ ወይም በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ እየወጣ ሽንትዎ ከቀነሰ፣ «ነገ እሄዳለሁ» አይበሉ። በዚያው ቀን በቅርብዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።