የዘጋችሁት አካውንት ከዓመታት በኋላ ዲፎልት ሆኖ ከመጣ (እንግሊዝ አገር ላላችሁ)

ድሮ የዘጋችሁት ስልክ፣ ባንክ ወይም የመብራት አካውንት አሁን ክሬዲት ፋይላችሁ (አበዳሪዎች የሚያዩት የዕዳና የአከፋፈል መዝገባችሁ) ላይ ዲፎልት (ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቷል የሚል ምልክት) ሆኖ ብቅ ካለ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ለማንም አትደውሉ፣ ለማንም አትክፈሉ። ጥያቄው በየጊዜው ይመጣልኛል። የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ቸኩሎ ከከፈለ በኋላ ነው፤ ያኔ ነገሩ ይከብዳል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ እንይ። ብዙዎቻችን ዳይሬክት ዴቢቱን ባንክ ላይ ስናቆም አካውንቱ የተዘጋ ይመስለናል። አልተዘጋም። ውል የሚያልቀው ለድርጅቱ አሳውቃችሁ፣ የመጨረሻው ቢል መጥቶ፣ እሱም ተከፍሎ ሲያልቅ ነው። የመጨረሻው ቢል ደግሞ ከለቀቃችሁ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያውም በድሮው አድራሻ። ከሆም ኦፊስ ቤት ወጥቶ፣ ሰው ቤት ተጠግቶ፣ ከዚያ ሌላ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ፖስታው የት እንደሚቀር መገመት አያቅትም። አርባ ፓውንድ የማትሞላ ቀሪ ሒሳብ ውዝፍ ትሆናለች፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ትሸጣለች፣ ባለቤቱ ምንም ሳይሰማ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ፦ ቀኑ። ዲፎልት ፋይል ላይ የሚቆየው ከተመዘገበበት የዲፎልት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ነው። ብትከፍሉም ባትከፍሉም 6 ዓመት። ስለዚህ ቀኑ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ከተጻፈ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ትቀጣላችሁ ማለት ነው። አበዳሪዎቹ ራሳቸው የሚመሩበት ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ዲፎልት በተለምዶ የሚመዘገበው ውዝፉ ከ3 እስከ 6 ወር ሲሆነው ነው፣ ከመመዝገቡም ቢያንስ 28 ቀን ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊላክላችሁ ይገባል። ዕዳውን የገዛው ድርጅትም በገዛበት ቀን አዲስ ዲፎልት መጻፍ አይችልም፤ የድሮውን ቀን ይዞ ነው መቀጠል ያለበት።

እኔን ያገኘኝ ይሄው ነው። የስልክ ውሌ ያለቀው 2017 መኸር ላይ ነበር። የመጨረሻው ቢል የሄደው ወደ ለቀቅኩት ቤት ነው። ዲፎልቱን የጻፉት ግን 2020 ላይ ነው። ስደውል ያነሳችው ሴትዮ “ከከፈልክ ፋይልህ ይስተካከላል” አለችኝ፤ በዚያው ስልክ በካርዴ ከፈልኩ። ተስተካከለ የተባለው “ተከፍሏል” የሚል ምልክት መጨመሩ ብቻ ነው። ዲፎልቱ እዚያው ነበር፣ ቀኑም ያው 2020። በትክክለኛው ቀን ቢጻፍ 2024 ጸደይ ላይ የሚጠፋው ነገር እስከ 2026 ሊጎተት ነበር። ሞርጌጅ ስጠይቅም በዚህ ምክንያት እምቢ ተባልኩ። በስልክ የተባለውን ነገር የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረኝ ደግሞ ድርጅቱ እንዲህ አላልንም ብሎ ድርቅ አለ። ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰው በጽሑፍ አቤቱታ ካስገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕዳው የእናንተ ከሆነ ክፈሉ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ቀኑ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የከፈለም ሰው ቀኑ እንዲስተካከል መጠየቅ ይችላል፣ አልረፈደም።

እንዴት ትጠይቃላችሁ? ክሬዲት ፋይል ከሚይዙት ሦስቱ መዝጋቢዎች፣ ከኤክስፔሪያን፣ ከኢኩዊፋክስ እና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርታችሁን አውጡ፤ ከሦስቱም ነጻ ነው። አንዱ ላይ ያለው ሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ስኮር የሚባለውን ቁጥር ተዉት፣ ሰው በሱ ሲጨነቅ ያናድደኛል፤ አበዳሪው የሚያየው ፋይሉን ነው። ከዚያ ለድርጅቱ በኢሜይል አቤቱታ ጻፉ፦ አካውንቱ የተዘጋበት ቀን፣ መጨረሻ የተከፈለበት ቀን፣ ውዝፉ የጀመረበት ወር፣ እና የዲፎልቱ ቀን ውዝፉ ከ3 እስከ 6 ወር ወደሞላበት ጊዜ እንዲመለስ። ስለ እናንተ የያዙትን መረጃ፣ የላኩትን ደብዳቤ ጭምር፣ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ይህም ነጻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው።

የምትጠይቁትን ግን እወቁ። ቢሉ ራሱ ስህተት ከሆነ ጨርሶ ይሰረዝ በሉ። ቢሉ ትክክል ሆኖ አድራሻ ሳትቀይሩ ከቀራችሁ ግን ይሰረዝ ብሎ መጮህ ብዙ አያስኬድም፤ ቀኑ ይመለስ የሚለው ነው የሚያሸንፈው። ተስማምታችሁ በትንሽ በትንሽ ስትከፍሉ ቆይታችሁ ያቆማችሁ ከሆነ ደግሞ ዘግይቶ መመዝገቡ ትክክል ሊሆን ይችላል።

ለሦስቱ መዝጋቢዎችም ማመልከት ይቻላል፣ በ28 ቀን ይመልሳሉ። እነሱ ግን ድርጅቱን ጠይቀው ያለውን ይነግሯችኋል እንጂ ብዙም አይመረምሩም። ገንዘብ ተቀብለው “ዲፎልት እናጠፋለን” የሚሉትን፣ የኛም ሰዎች አሉበት፣ በፍጹም አትጠጉ። ትክክለኛ መዝገብ በገንዘብ አይጠፋም፤ የተሳሳተውን ራሳችሁ በነጻ ታስተካክላላችሁ። ለጓደኛ ብላችሁ በስማችሁ የስልክ ውል ማውጣትም ይቅር። እሱ ባይከፍል ዲፎልቱ የሚጻፈው በእናንተ ላይ ነው፣ ይሉኝታ ፋይል ላይ አይታይም።

አንድ ነገር ብቻ አይጠብቅም፤ የፍርድ ቤት ወረቀት። እሱ ከመጣ ለመመለስ ያላችሁ 14 ቀን አካባቢ ነው፤ ዝም ካላችሁ ይፈረድባችኋል። በዚያው ቀን በነጻ የሚያማክሩት ሲቲዝንስ አድቫይስ ወይም ስቴፕቼንጅ ጋ ሂዱ ወይም ደውሉ።

ድርጅቱ እምቢ ካለስ? ባንክ ወይም ክሬዲት ካርድ ከሆነ፣ የመጨረሻ መልስ ሲሰጣችሁ ወይም 8 ሳምንት ሲያልፍ ወደ ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ሰርቪስ (በደንበኛና በድርጅት መካከል ያለን አቤቱታ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል) ውሰዱት። የመጨረሻው መልስ ከተጻፈ በኋላ 6 ወር ነው ያላችሁ፣ አታሳልፉት። ስልክና መብራት የራሳቸው ኦምቡድስማን አላቸው። የተሳሳተ መረጃ ይዘዋል የሚለውን ለአይሲኦም (የግል መረጃ አያያዝን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) ማመልከት ትችላላችሁ። ለሁሉም አቤት ማለት ነጻ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ለኦምቡድስማኑ ገና ስትጀምሩ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፣ ያቀርባሉ።