የሂሳብ ፒኤችዲ ጥናት ሲቀርብ ሰሚ የሚያሳጡ ስህተቶች

ዓመታት የተለፋበትን ሥራ በ20 ደቂቃ ማቅረብ ቀላል አይደለም። ሂሳብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጥሩ ሥራ ይዘው ሰሚ የሚያጡ ተማሪዎችን ሳይ ያሳዝነኛል።

በትርጓሜ መጀመር። ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ገና የመጀመሪያው ስላይድ ላይ አምስት ትርጓሜ ይደረደራል። አድማጩ ለምን እንደሚያስፈልገው ሳያውቅ ሁሉንም እንዲይዝ ይጠበቃል። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ስልኩን ያወጣል። ከምሳሌ ጀምሩ። ርዕሳችሁ የራዶን ትራንስፎርም ነው እንበል። መጀመሪያ ስለ ሲቲ ስካን አውሩ። ኤክስሬይ ሰውነትን በቀጥታ መስመር አቋርጦ ያልፋል። ማሽኑ የሚለካው በመንገዱ ሁሉ ተደምሮ ምን ያህል ጨረር እንደተዋጠ ነው። ሐኪሟ የምትፈልገው ግን እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለውን ነው። ታዲያ ከድምሮቹ ተነስቶ ነጥቦቹን ማግኘት ይቻላል? የራዶን ትራንስፎርም ማለት እነዚህ በየመስመሩ የተወሰዱ ድምሮች ናቸው፤ ይህ ጥያቄ የገባው ሰው ኢንተግራሉን (የድምሩን ቀመር) ራሱ ይጠብቀዋል። የሂሳብ ሊቁ ዮሃን ራዶን መልሱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ያኔ ሲቲ ስካን የሚባል ነገር አልነበረም። ኮርማክና ሃውንስፊልድ በሲቲ ስካን ሥራቸው ኖቤል ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

ጥቅሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ። «ለጤና፣ ለኢንጂነሪንግና ለኢኮኖሚ ይጠቅማል» ተብሎ ይዘጋል። እንዴት? የበሽታ ስርጭት ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎች «አር ዜሮ ከ1 ካነሰ ሚዛኑ የተረጋጋ ነው» ብለው ያቆማሉ። አር ዜሮ አንድ ታማሚ በአማካይ ስንት ሰው እንደሚያስይዝ የሚነግር ቁጥር ነው፤ ከአንድ ሰው በታች ካስያዘ በሽታው እየከሰመ ይሄዳል ማለት እኮ ነው! ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የወባ ተመራማሪው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ወባን ለማጥፋት የግድ ትንኝን ሁሉ መፍጀት አያስፈልግም፣ ቁጥሯን ከተወሰነ ልክ በታች ማውረድ ይበቃል ያለው በዚህ ዓይነት ስሌት ነው። ወባ ላለበት አገር ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ማንበብ። ማንም አይከተላችሁም። ቁልፏን ሐሳብ ብቻ ንገሩን፤ ቢቻል ሰሌዳ ላይ ሥዕል ሣሉ።

ለአማካሪ ብቻ ማውራት። እሳቸው ሥራውን ያውቁታል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሌላው የሂሳብ ሰው ግን ዘርፉ አልጀብራ ሊሆን ይችላል።

ዋናውን ውጤት መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ። ሰዓት ያልቃል፣ ስላይድ እየተዘለለ ይሮጣል፣ ቲዎረሙ ሳይታይ ጭብጨባ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ተናገሩት።