ያገለገለ መርሴዲስ ኢ ክላስ ደብሊው 211፦ ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ

ደብሊው 211 የሚባለው መርሴዲስ ኢ ክላስ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተመረተ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞረው። ፋብሪካው ይህን መኪና ለፍሬንና ለሌሎች ጉድለቶች በተለያየ ጊዜ እንዲጠገን መልሶ ጠርቷል። ጥሪው የሄደው ግን በሚያውቃቸው ባለቤቶች አድራሻ ስለሆነ፣ በሦስተኛና በአራተኛ እጅ ወሎ የገባ መኪና ተጠግኖ ይሁን ሳይጠገን ማንም አይነግራችሁም። ራሳችሁ ማጣራት አለባችሁ።

መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በፊት መስታወቱ የታች ጥግ ከውጭ ይታያል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። ካልገጠመ ግዢውን እዚያው አቁሙ። ከገጠመ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ የጥሪ መፈለጊያ ውስጥ አስገቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም የራሱ መፈለጊያ አለው። እሱ ግን ያልተሠሩ ጥሪዎችን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸውንም ላያወጣ ይችላል። የዚህ መኪና ዋና የፍሬን ጥሪዎች እ.ኤ.አ. የ2004 እና የ2005 ናቸው። ስለዚህ መፈለጊያው «ምንም የለም» ቢል ፍሬኑ ተሠርቷል ማለት አይደለም።

ምልክት፦ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ዳሽቦርድ ላይ ይወጣል፣ ወይም ፔዳሉ ድንገት ረጅምና ድንጋይ ይሆናል

ይህ ከሁሉም ይቀድማል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መኪናው ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ ኩርባው በኩርባ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 2006 አጋማሽ የተመረቱት ኤስ ቢ ሲ የሚባል የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው። ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ለኮምፒውተሩ መልእክት ነው የሚሰጠው፤ ዘይቱን ወደ አራቱ ጎማ የሚገፋው በፓምፕ ተሞልቶ በግምት 150 ባር ግፊት ይዞ የሚቆይ መጠራቀሚያ ነው። እንዳለው ለማወቅ ኮፈኑን ክፈቱ። ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ኋላ ትልቁ ክብ ጥቁር ሰርቮ (የእግርን ግፊት የሚያግዘው) ከሌለ ኤስ ቢ ሲ ነው። በር ሲከፈት ከኮፈን ሥር የሚሰማ አጭር የሞተር ድምፅም ያስታውቃል። አምራቹ በግንቦት 2004 እ.ኤ.አ. 680,000፣ በመጋቢት 2005 ደግሞ 1.3 ሚሊዮን መኪና የጠራው ይህን ጉዳይ ጨምሮ ነው። የሁለተኛው ጥሪ የባትሪ መቆጣጠሪያውንና የአልተርኔተሩን ቮልቴጅ መቆጣጠሪያም ይጨምራል።

ምክንያቱ ከአራቱ አንዱ ነው። በመጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፣ ርካሹ እሱ ነውና። መኪናው ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ዋናው ባትሪ ከኋላ ሻንጣ ወለል ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ኮፈን ውስጥ ያለውን ትንሹን ረዳት ባትሪ ግን ብዙ መካኒክ ይረሳዋል፣ እሱንም ለኩ። ሁለተኛው ምክንያት የመጠራቀሚያው ጋዝ መሳሳት ነው፤ ፓምፑ በየረገጣው ደጋግሞ ይጮኻል። ሦስተኛው የፓምፑ ሞተር ማለቅ ነው። አራተኛው ቆጣሪው ነው። ኮምፒውተሩ ፍሬን የተያዘበትን እየቆጠረ ፋብሪካው የወሰነው ላይ ሲደርስ ሲ 249 ኤፍ የሚል ኮድ መዝግቦ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ፍሬኑ በዚያ ቀን ደህና ሊይዝ ይችላል።

የቆጣሪውን ቁጥር በማሽን ወደ ኋላ መልሰው «አለቀ» የሚሉ ጋራዦች አሉ። መብራቱ ይጠፋል፣ ያረጀው ፓምፕ ግን እዚያው ነው። ሐረጎን ለሚወርድ መኪና ይህን በፍጹም አትቀበሉ። ትክክለኛው ጥገና የኤስ ቢ ሲ ዩኒቱን ከነመጠራቀሚያው መቀየር፣ ከዚያ በመርሴዲስ ዳያግኖስቲክ ማሽን አየሩን ማስወጣትና ዩኒቱን ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ ነው። ከተበተነ መኪና የወጣ ዩኒት የምትገዙ ከሆነ ቆጣሪውን በማሽን ሳታስነብቡ ገንዘብ አትክፈሉ።

የፍሬን ሸራ ሲቀየር ደግሞ ኤስ ቢ ሲው በማሽን መጥፋት አለበት። ካልጠፋ አንድ ሰው በር ሲከፍት ወይም በቁልፍ ሲያነቃው ፓምፑ ራሱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ጣት ለመስበር በቂ ኃይል አለው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጎማውን እንዲፈታ አትፍቀዱ። ዘይቱ ዶት 4 ፕላስ ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል፤ አዲስ መደበኛ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ ውሃ የገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ፔዳል የሚሰምጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 በኋላ ያሉትንም ይመለከታል።

መንገድ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ቢወጣና ፔዳሉ ቢረዝም፣ መኪናው ወደ መጠባበቂያው ተሸጋግሯል ማለት ነው፤ የሚይዙት የፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ የሚይዙትም በእግራችሁ ጉልበት ነው። ፔዳሉን እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ አትርገጡ፣ አንዴ አጥብቃችሁ ርግጥ አድርጋችሁ ያዙት። ማርሹን ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 2 አውርዱ። የማቆሚያው ፍሬን በግራ እግር የሚረገጥ ነው፤ መልቀቂያውን እጀታ በእጅ ስባችሁ እንደያዛችሁ ቀስ እያላችሁ ርገጡት፣ ያኔ የኋላ ጎማ ሳይቆለፍ መጠኑን ትቆጣጠራላችሁ። ከቆመ በኋላ በራሱ እንዲወርድ አትሞክሩ፣ በመጎተቻ ይውረድ።

ምልክት፦ ካምቢዮው 2ኛ ማርሽ ላይ ይቀራል

ባለ አምስት ማርሹ ካምቢዮ ጉድለት ሲያይ ራሱን ለመጠበቅ 2ኛ ላይ ይቆማል። መኪናውን አቁሙ፣ ፒ ላይ አድርጉ፣ ሞተር አጥፍታችሁ አሥር ሰከንድ ቆዩና አስነሱ። ከተመለሰ ወደ ጋራዥ መድረሻ አገኛችሁ፤ ችግሩ ግን አልጠፋም። የተለመደው ጥፋት የካምቢዮው ባለ 13 ፒን ሶኬት ነው። ሁለት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶቹ ሲደርቁ ዘይት ያሾልካል፤ ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ እስከ ካምቢዮ ኮምፒውተሩ ይወጣል። ሶኬቱን በአዲስ ቀይሩ (የሚይዘው ብሎን ባለ 7 ነው)፣ የኮምፒውተሩን መሰኪያ ነቅላችሁ ዘይት ካለ በኮንታክት ክሊነር እጠቡት። ይህ ሳይሞከር ካምቢዮ እንዲወርድ አትስማሙ። ሶኬቱ ከተቀየረ በኋላም ከቀጠለ ውስጥ ያለው የሴንሰር ሰሌዳ ነው።

ምልክት፦ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ፣ ነዳጅ ቀለል ተደርጎ ሲሰጥ መኪናው ይንዘፈዘፋል

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ እያፈሰሰ ኩላንት ወደ ካምቢዮው ይገባል። ዘይቱ ወተት እስኪመስል መጠበቅ አያስፈልግም፣ ጥቂት ኩላንት የፍሪሲዮን ወረቀቶቹን ያበላሻል። መጀመሪያ ራዲያተሩ ይቀየር። ከዚያ ዘይቱ ከነማጣሪያው፣ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ውስጥ ያለውም ጭምር፤ በድምሩ ስምንት ሊትር ገደማ ነው፣ የመርሴዲስ ደረጃው 236.14 የሚል ይሁን። መለኪያ ዘንግ ስለሌለው የጋራዥ ዘንግ ያስፈልጋል፤ የሚለካውም ዘይቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሞተር እየሠራ ፒ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ላይ ለክቶ የሚሞላ ከልክ በላይ ይሞላዋል። መንዘፍዘፉ ከቀጠለ ኮንቨርተሩ ተበልቷል።

ምልክት፦ የሞተር መብራት በርቶ 1200 ወይም 1208 የሚል ኮድ ይወጣል

ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ያላቸው ኢ 280 እና ኢ 350 ላይ የሚመጣ ነው። የሚዛን ዘንጉ ጥርስ ለስላሳ ብረት ስለሆነ ተበልቶ የካቴናውን ሰዓት ያዛባል። ጥገናው ሞተር ማውረድ ይጠይቃል፤ ልትገዙ ከሆነ መኪናውን ተዉት። ኢ 200 ኮምፕሬሰር ላይ ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ድምፅ የካቴና መርዘም ነው። ካቴናው ከጥርሶቹና ከመወጠሪያው ጋር አብሮ ይቀየር። ዘይቱ 5.5 ሊትር፣ ደረጃው 229.5።

ምልክት፦ በክረምት መጥረጊያው ራሱ ይነሳል፣ መብራት ይርገበገባል፣ ባትሪ አድሮ ይሞታል

ደሴ ከባህር ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ላይ መጀመሪያ የሚታየው መጥረጊያው ሥር ያለው ቦይ ነው። ቅጠሉ የውሃ መውጫውን ይደፍነዋል፣ ውሃው ሞልቶ ወደ ፊውዝና ሪሌ ሳጥኑ ይወርዳል። ከሰኔ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ ቅጠሉን ልቀሙ፣ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሳችሁ ከሥር መውጣቱን እዩ። ሻንጣውም ይታይ፤ የኋላ መብራት ጎሚኒ ሲደርቅ ውሃው ባትሪው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ደርቆም ባትሪ ከጨረሰ፣ መኪናው ተቆልፎ አርባ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ የሚስበውን ኤሌክትሪክ አስለኩ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ መፈለግ ነው።

ምልክት፦ የጣሪያው መስታወት ያፏጫል ወይም ጠርዙ ይነቃነቃል

እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 የተመረቱ፣ ኢ ክላስን ጨምሮ፣ 745,000 ያህል መኪናዎች በአሜሪካ የተጠሩት መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር ያጣበቀው ማጣበቂያ እየለቀቀ መስታወቱ ሊበር ስለሚችል ነው። ጥገናው እስኪሠራ ጣሪያውን አትክፈቱ።

ምልክት፦ የኤርባግ መብራት አይጠፋም፣ ወይም ጭራሽ አይበራም

ቁልፍ ሲዞር በርቶ በጥቂት ሰከንድ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራው ይበልጥ ያሳስባል፦ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ መብራቱን የነቀለ ሰው ሊኖር ይችላል። ታካታ የተባለው አምራች ኤርባግ ያለበት መርሴዲስም ስላለ ይህንንም በሻንሲ ቁጥሩ አጣሩ፤ ማቀጣጠያው በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ዓመት ሲቆጥር ፍንዳታው የብረት ስብርባሪ ይረጫል።

ምልክት፦ ነዳጅ ሲሞላ የቤንዚን ሽታ ወደ ውስጥ ይገባል

ከኋላ ወንበር ሥር የነዳጅ ታንኩ ክዳኖች አሉ። ጎሚኒያቸው ደርቋል ወይም ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል። በማስቲሽ አትለጥፉት፣ ቤንዚን ያሟሟዋል። ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ በሮቹ ተከፍተው ክዳኑና ጎሚኒው በአዲስ ይተኩ። እስከዚያ ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ መኪናው ውስጥም ሲጋራ አይጨስ።