የቮልስን ዲናሞ በአልተርኔተር መቀየር፦ ሽቦው እንዴት ይታሰራል?

ማታ ትራፊክ መብራት ላይ የቆመ አሮጌ ቮልስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የፊት መብራቱ ፍዝዝ ይላል። ሲነዳ ደግሞ ይደምቃል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በቀስታ ሲዞር፣ በቂ ኃይል ስለማይሰጥ ነው። በዲናሞው ቦታ የሚገባው ሌላ ዓይነት ማመንጫ፣ አልተርኔተር፣ ይህን ይፈታል። ሽቦው ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ።

መጀመሪያ መኪናው ባለ 12 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት የተሠሩት በአብዛኛው ባለ 6 ናቸው። አልተርኔተሩም ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ውስጡ ያለ ይሁን።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ከዚያ በፊት ምንም አትንኩ።

የኋላውን መቀመጫ አንሱ። በግራ በኩል አሮጌው ሬጉሌተር አለ። ከእንግዲህ አያስፈልግም። ከመፍታታችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ናስትሮ ለጥፋችሁ፣ ሬጉሌተሩ ላይ የወጣበትን ምልክት (D+፣ B+፣ DF ወይም 61) ጻፉበት። ቀለሙን አትመኑ፤ ስንት እጅ ነክቶታል።

አሁን ከዲ ፕላስ የወጣውን ወፍራም ሽቦ ከቢ ፕላስ ሽቦዎች ጋር አገናኙ። ከዲኤፍ የወጣውን ቀጭን ደግሞ 61 ላይ ከነበረው ጋር። ሁለቱንም መገናኛ አጥብቃችሁ እሰሩና በደንብ ሸፍኑ። በተለይ ወፍራሙ ፊውዝ የለውም፤ ቦዲውን ከነካ እሳት ነው።

ወጥመዱ ሞተሩ ጋ ነው። ዲናሞው ላይ ዲ ፕላስ የወፍራሙ ሽቦ ቦታ ነበር። አልተርኔተሩ ላይ ግን ዲ ፕላስ የቀጭኑ ነው! ወፍራሙ ወደ ቢ ፕላስ ይገባል። የድሮው ሽቦ ለ30 አምፔር ገደማ የታሰበ ነው፤ አልተርኔተሩ 50 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ስለዚህ እኔ ወፍራሙን በባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ እንድትቀይሩት እመክራለሁ።

ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ አምፖልም አትናቁ። አልተርኔተሩን የምታስነሳው በእሷ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። አንድ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ «አልተርኔተሩ ሞቷል» ተብዬ ሌላ ገዛሁ። የተቃጠለው አምፖሉ ብቻ ነበር።

ባትሪውን መልሳችሁ እሰሩና ቁልፉን ክፈቱ። ቀዩ መብራት መብራት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ከዚያ ባትሪው ላይ በቴስተር ለኩ፤ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካነበበ ሥራው ተሳክቷል።

«እስቲ ይሞላ እንደሆን እንይ» ብሎ ሞተር እየሠራ ባትሪውን የሚነቅል ሰው ካለ ግን አስቁሙት። ዲናሞ ይህን ችሎ ይሆናል፤ የአልተርኔተር ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ክፍሎች) ግን በአንድ አፍታ ሊቃጠሉ ይችላሉ።